ርክክብ የሌለው ኮድ፦ የአንድ የእድር ሶፍትዌር የጉዳይ ጥናት ከኮዬ ፈጬ

ኮዱ ክፍት ነበር። ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጧል፣ ማንም ያወርደዋል። ፈቃዱም ለጋስ ነው፤ ቀይሩት፣ አሻሽሉት፣ ለሌላ እድር ስጡት ይላል። ነገር ግን ከሠራው ልጅ ላፕቶፕ ውጭ በየትኛውም ማሽን ላይ አልነሳም አለ። ኮዱን ተረክበው ሊቀጥሉ የመጡ ተማሪዎች ብዙ ዳታ አቃጥለው፣ ተስፋ ቆርጠው ሊተዉት ደርሰው ነበር። እኔ ወደ ፕሮጀክቱ የገባሁት በዚህ ሰዓት ነው፤ ሥራዬም ሰነዱን መከለስ ነበር። የሆነውን በዝርዝር የምጽፈው ብዙ የአገራችን ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች እዚሁ ቦታ ላይ ሲቆሙ ስለማይ ነው።

ሶፍትዌሩ ትንሽ ነው። የእድር አባላትን ስም፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ለሐዘን የሚከፈለውን ገንዘብ፣ የድንኳንና የወንበር ውሰትን ይመዘግባል። ደረሰኝና የአባላት ዝርዝር በፒዲኤፍ ያወጣል። ኮዬ ፈጬ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከቂሊንጦ አጠገብ ያለ ሰፊ የኮንዶሚኒየም መንደር ነው። አብዛኛው ሰው ከተለያየ ሰፈር በዕጣ ነው የገባው። ስለዚህ እድሮቹ አዲስ ናቸው። በድሮ ሰፈር የእድር ጸሐፊ የእያንዳንዱን አባል ቤት ከነታሪኩ በቃሉ ያውቃል። እዚህ ግን የብሎክና የቤት ቁጥር በትክክል ካልተጻፈ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ ብሎ መለየት ከባድ ነው። መዝገቡ የእድሩ ዋና ምሰሶ ነው።

ሶፍትዌሩን የጻፈው እዚያው መንደር የሚኖር ወጣት ፕሮግራመር ነው። ለብሎኩ እድር ብሎ ጀመረው። ሥራውን ወድዶት ለሁሉም ክፍት አደረገው። ሌሎች እድሮችም ጠየቁት። ከዚያ ሙሉ ጊዜውን የሚወስድ ሥራ ያዘ። ይህ የሚወቀስበት ነገር አይደለም፤ በነጻ የሠራ ሰው እንጀራውን ሊያስቀድም ግድ ነው። ቂሊንጦ ካለው ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎች እንቀጥልበት ሲሉ ደስ ብሎት ቁልፉን ሰጣቸው። የሰጣቸው ግን የሪፖውን፣ ማለትም ጊትሀብ ላይ ያለውን የኮዱን ማስቀመጫ፣ የይለፍ መብት ብቻ ነበር።

ይህን መጀመሪያ ያዩት ፕሮግራመር ያልሆኑ ሰው ናቸው። የእድሩ ጸሐፊ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ተማሪዎቹ ጋሼ ነው የሚሏቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የእድሩን ቢሮ ለልጆቹ ከፍተው ይሰጡ ነበር። አንድ ቀን ሁሉም ላፕቶፕ ላይ ቀይ ጽሑፍ ብቻ ሲያዩ ጠየቁ። «ልጆቼ፣ እኛ ጸሐፊ ስንቀይር ርክክብ አለ። መዝገቡ፣ ማኅተሙ፣ የባንክ ደብተሩ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በዝርዝር ተጽፎ ሰጪም ተቀባይም ይፈርማል። እሱ ምን አስረከባችሁ?»

መልሱ ሲፈተሽ የሚከተለው ነበር።

ሪፖው ውስጥ ሪድሚ የሚባለው ፋይል አለ። ሁለት ትእዛዝ ብቻ ይዟል፤ ጫን እና አስነሳ። ሶፍትዌሩ የሚሮጠው ኖድ በሚባል ፕሮግራም ላይ ነው፤ የትኛው የኖድ ቨርዥን እንደሚያስፈልግ ከስር ቢያንስ 10 ይላል። ከሪፖው ጎን ያለው ዊኪ ደግሞ 14 ይላል። የቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ፒን የተደረገው መልእክት 16 ነው የሚለው። ሦስቱም በተጻፉበት ጊዜ እውነት ነበሩ። አንዳቸውም ግን መቼ እንደተጻፉ አይናገሩም። ሌላውን የሚሽር የትኛው እንደሆነም አይታወቅም።

ትልቁ እውቀት የነበረው ቴሌግራም ላይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የእኛ ፕሮጀክቶች ዋና ሰነድ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ነው። ፈጣን ነው፣ ብዙ ዳታ አይበላም፣ ሁሉም ሰው አለው። ግን መልሶች በቮይስ ይላካሉ። ቮይስ ተፈልጎ አይገኝም። ኤረሮች በስክሪንሾት ይላካሉ። ስክሪንሾት ላይ ያለ ጽሑፍም ተፈልጎ አይገኝም። ከሁሉም በላይ ግሩፑ ለአዲስ አባል የድሮውን መልእክት እንዳያሳይ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ አዲስ የገባ ተማሪ ከዓመት በፊት በሚገባ የተመለሰውን ጥያቄ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ነባሮቹ መልስ መስጠት ሰልችቷቸዋል። አዲሱ ደግሞ ዝምታቸውን እንደ ንቀት ይወስደዋል። በዚህ መንገድ የሄዱ ጎበዝ ልጆች አሉ።

አሁን ወደ ኤረሮቹ። ቢልድ ማለት የተጻፈውን ኮድ ወስዶ፣ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸውን የኮድ ክፍሎች፣ ሰብስቦ፣ የሚሠራ ፕሮግራም ማድረግ ነው። ተማሪዎቹ የጊዜውን አዲስ ኖድ ጭነው ሲሞክሩ መጀመሪያ የወደቀው ኖድ ሳስ የሚባለው፣ የገጾችን መልክ የሚያዘጋጅ ላይብረሪ ነው። ይህ ላይብረሪ በውስጡ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ክፍል አለው። ለእያንዳንዱ የኖድ ቨርዥን አስቀድሞ የተዘጋጀ ፋይል ይፈልጋል። ካላገኘ እዚያው እናንተ ማሽን ላይ ሊሠራው ይሞክራል። ለዚያ ደግሞ ፓይተንና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ይጠይቃል። ኤረሩ ስለ ፓይተን ስለሚያወራ ልጆቹ ፓይተን ጫኑ። ከዚያ ኮምፓይለር ጠየቃቸው። ዊንዶውስ ላይ ይህ ጊጋባይቶች የሚመዝን ጭነት ነው። በዳታ ፓኬጅ ለሚኖር ተማሪ የወሩ ዳታ አለቀ ማለት ነው። መፍትሔው ግን ከፓይተንም ከኮምፓይለርም ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ኖድ ሳስ የተመሠረተበት ሊብሳስ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጊዜው ያለፈበት ተብሎ ታውጆ ነበር። ሳስ በሚባለው አዲስ ፓኬጅ መተካት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ያ ሲስተካከል ሁለተኛው መጣ። ኖድ ከቨርዥን 17 ጀምሮ ኦፕንኤስኤስኤል 3 የሚባለውን የምስጠራ ላይብረሪ ይዞ ነው የሚመጣው። የኮድ ፋይሎችን አጣምሮ የሚያሽገው ዌብፓክ 4 ደግሞ ለፋይሎች መለያ አሻራ ሲያወጣ ኤምዲ4 የተባለውን አሮጌ ስልት ይጠቀማል። ኦፕንኤስኤስኤል 3 ያን ስልት በነባሪ አይቀበልም። ውጤቱ ምሥጢራዊ የምስጠራ ኤረር ነው፤ ያነበበው ተማሪ ኮምፒውተሩ በቫይረስ የተያዘ መስሎት ነበር። ለዚህ መልስ የሚሰጥ ቮይስ ግሩፑ ውስጥ ነበር። የድሮውን ስልት በአንድ ቅንብር መልሶ ማብራት ነው ይላል። ይሠራል፣ ግን ጊዜያዊ ማስታገሻ ነው። ዘላቂው መንገድ ወደ ዌብፓክ 5 መሄድ ነበር።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። የሎክ ፋይሉ፣ ማለትም የእያንዳንዱን ላይብረሪ ትክክለኛ ቨርዥን የሚመዘግበው ፋይል፣ ወደ ሪፖው እንዳይገባ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ሁለት ተማሪዎች በሁለት የተለያየ ሳምንት አንድ ዓይነት ትእዛዝ ቢሰጡም የሚያወርዱት የተለያየ ነው። አንዱ ጋ ሠርቶ ሌላው ጋ የሚወድቅበት ምክንያት ግማሹ ይህ ነበር።

የሚቀጥሉት ሁለቱ ግን በሰነድ ሥራ ውስጥ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ አስተማሪዎቹ ናቸው። የተገኙትም ተማሪዎቹ አንድ ብልህ ነገር ስላደረጉ ነው። የመጀመሪያውን ፕሮግራመር ደውለው «እንዴት ነው ቢልድ የሚደረገው?» አላሉትም። እሱ የሚያውቀውን እንደሚያውቅ አያውቅማ። ሁልጊዜ ስለሚሠራለት ምን እንደሚያስፈልገው ማሰብ ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ሰውየውን ትተው ላፕቶፑን ጠየቁት። የኖድ ቨርዥኑን፣ የዊንዶውሱን ቨርዥን፣ የሰዓት ቅንብሩን፣ የተጫኑ ፎንቶችን፣ የኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎችን (ፕሮግራሞች ከሲስተሙ የሚያነቧቸውን ቅንብሮች) ዝርዝር አውጥቶ እንዲልክላቸው ጠየቁት። ቫሪያብሎች ውስጥ የይለፍ ቃል ሊኖር ስለሚችል ከመላኩ በፊት እንዲያጠፋው አስጠነቀቁት። እሱም ላፕቶፑን ፎርማት ሊያደርግ አስቦ ስለነበር ጥያቄው በሰዓቱ ነው የደረሰው። የሚሠራ ብቸኛ ማሽን ከጠፋ በኋላ ይህን መልሶ ማግኘት እጅግ ከባድ ይሆን ነበር።

ዝርዝሩ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው ፎንት ነው። ደረሰኙ በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ ይወጣል፣ ኤረርም የለውም፣ ግን ከፊደል ይልቅ ባዶ ሳጥኖች ነበሩበት። ኮዱ ፊደሉን የሚያወጣው ኒያላ በሚባለው ፎንት ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ነበር። በዊንዶውስ 10 ላይ ግን ተጨማሪ ሆኖ፣ ፈልገው ካልጫኑት የማይገኝ ሆኗል። የልጁ ላፕቶፕ ከድሮው ዊንዶውስ እየታደሰ የመጣ ስለሆነ ኒያላ እዚያው ቀርቶለታል። ሊኑክስ ላይ ጨርሶ የለም። ሪፖው ውስጥ እናስገባው እንዳይባል ደግሞ ፎንቱ የማይክሮሶፍት ንብረት ነው፤ ማሰራጨት አይፈቀድም። ተማሪዎቹ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መረጡ። ይህም እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ የፎንት ፈቃድ የተለቀቀ ነው። ፋይሉን ከነፈቃዱ ሪፖው ውስጥ አስቀመጡት።

ከዚህ አንድ ቋሚ ሕግ ወጣ። ሰነዱ «ቢልዱ አለቀ» ብሎ አይቆምም። መሳካቱን በምን እንደምታውቁ ይናገራል። አሁን የመጨረሻው እርምጃ የናሙና ደረሰኝ ከፍቶ የአማርኛው ጽሑፍ በትክክል መነበቡን ማየት ነው። ኤረር አለመኖሩ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። የሳጥን ደረሰኝ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ሰጥቶ ይቅርታ ማለት ከባድ ነው።

ቀጥሎ የተገኘው ሰዓት ነው። ሶፍትዌሩ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ይጠቀማል። መዋጮ በአሥራ ሁለቱ ወራት ይሰበሰባል፤ ለጳጉሜን አይጠየቅም። ጳጉሜን ደግሞ በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን ትሆናለች። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ይህን የሚፈትሽ ቴስት ነበር። በመጀመሪያው ልጅ ላፕቶፕ ላይ ያልፋል፣ በተማሪዎቹ ላፕቶፕ ላይ ይወድቃል፣ ጊትሀብ ላይ እንደገና ያልፋል። ሁሉም ግራ ተጋብተው ነበር። ዝርዝሩ ሲመጣ የልጁ ላፕቶፕ ሰዓት በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ እንደተሞላ ታየ። የጊትሀብ ማሽኖችም በዩቲሲ ነው የሚሠሩት። አዲስ አበባ ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ኮዱ እኩለ ሌሊት ላይ ያለውን ቀን ወደ ዩቲሲ ጽሑፍ ሲቀይረው ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይሄድና አንድ ቀን ይጎድላል። ለኢትዮጵያ እድር የተሠራ ሶፍትዌር ቀኑን የሚሳሳተው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ ተማሪ ሰነዱ ላይ «የኮምፒውተራችሁን ሰዓት ወደ ዩቲሲ ቀይሩ» ብለን እንጻፍ አለ። ሌላዋ አይሆንም አለች። የእድሩ ኮምፒውተር ሰዓት ቢቀየር ጋሼ የስብሰባ ሰዓት ሊሳሳቱ ነው ብላ ተከራከረች። ትክክል ነበረች። ከዚያም ያለፈ ነገር አለው። ሰነድ የኮድ ስህተት መሸፈኛ መሆን የለበትም። ለመጻፍ የሚያሳፍር መመሪያ ሲገጥማችሁ መመሪያውን ከማሳመር ይልቅ የሚያስፈልገውን ምክንያት ማጥፋት ይሻላል። ኮዱ ተስተካከለ፤ ቴስቱ አሁን በሁለቱም የሰዓት ክልሎች ይሮጣል። መመሪያው መጻፍ ሳያስፈልገው ቀረ። እንዲህ እየተባለ የሰነዱ የመጀመሪያ ረቂቅ እያጠረ ሄደ። በእኔ እይታ የዚህ ፕሮጀክት ትልቁ ግኝት ይህ ነው። የቢልድ ሰነድን በሐቀኝነት መጻፍ ራሱ የኮድ ምርመራ ነው። እያንዳንዱ የሚያስቸግር ዓረፍተ ነገር ስር አንድ ያልተነካ ችግር ይገኛል።

ለሰነዱ ቦታ ተመረጠለት። ኮዱ ያለበት ሪፖ ውስጥ፣ በአንድ ፋይል ብቻ። ዊኪው ተዘጋ። ቴሌግራም ላይ ፒን የተደረገው መልእክት አሁን ወደዚያ ፋይል ይጠቁማል እንጂ በራሱ ምንም አይልም። ጥያቄ ግሩፑ ላይ ይጠየቃል፣ ይመለሳልም፤ ግን መልሱ ሰነዱ ላይ ካልተጻፈ እንደተመለሰ አይቆጠርም። ኮድ ሲቀየርና ቢልዱ ሲነካ ሰነዱ በዚያው ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ ወደ ሪፖው እንዲገባ በሚቀርበው ጥያቄ) ውስጥ አብሮ መቀየር አለበት። ለብቻው ይደርሳል ከተባለ አይደርስም፤ ይህን ሁላችንም አይተነዋል።

የኖድ ቨርዥኑ ሰው አንብቦ እንዲታዘዘው ብቻ አልተተወም። ፕሮጀክቱ ራሱ የተሳሳተ ቨርዥን ሲያይ መጀመሪያ ላይ እንዲያቆም ተደረገ። ላይብረሪዎችን የሚያወርደውና የሚጭነው ኤንፒኤም በልማዱ ቨርዥን ካልገጠመ ያስጠነቅቃል እንጂ አያቆምም፤ አጥብቆ እንዲያቆም የሚያደርግ ቅንብር ለብቻው ማብራት ያስፈልጋል። አሁን ኖድ 22 ነው የሚጠቀሙት። ሰነዱ ላይ ከጎኑ ቀን ተጽፏል፤ ለዚህ ቨርዥን የሚሰጠው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2027 ላይ ያበቃል። ቀን የሌለው የቨርዥን ቁጥር ምን እንዳደረገ ከሦስቱ የተጋጩ ሰነዶች አይተናል።

የዳታ ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ብዙ የቢልድ መመሪያዎች የተጻፉት ኢንተርኔት እንደ ውሃ ለሚፈስላቸው ሰዎች ነው። «አጥፋና እንደገና ጫን» የሚል ምክር ይሰጣሉ። ኮዬ ፈጬ ላይ ይህ ምክር ብር ነው። ስለዚህ የእኛ ሰነድ እያንዳንዱ እርምጃ ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድ ከመጀመሪያው ይናገራል። ትልቅ ጭነት ከመምጣቱ በፊት ያስጠነቅቃል። ቅዳሜ ቢሮው ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ቨርዳቾ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ያስነሳል። ቨርዳቾ የወረዱ ፓኬጆችን ይዞ ለሌሎች በዋይፋይ ያካፍላል። ፓኬጆቹ አንዴ ከወረዱ ሌላው ተማሪ ከኢንተርኔት ሳያወርድ ይወስዳል። በዕለቱ ላልመጣ ደግሞ በፍላሽ ይሰጠዋል።

ፍላሽ ሲባል ስጋት ተነሳ፤ ተገቢም ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር ኤክስዜድ በሚባለው በብዙ ሊኑክስ ሲስተሞች ውስጥ ባለ ላይብረሪ ውስጥ ድብቅ በር አገኘ። ያን በር የሚያስነሳው የቢልድ ስክሪፕት ለሕዝብ በሚታየው የጊት ኮድ ውስጥ አልነበረም። በተለቀቀው የታሸገ ፋይል ውስጥ ነበር የተጨመረው። ማለትም ኮዱን ያነበበ ሰው አያየውም፤ ቢልድ ያደረገ ግን ይይዘዋል። እኛስ በፍላሽ የምንቀባበለውን በምን እናምናለን? መልሱ ያ የተረሳው የሎክ ፋይል ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ፓኬጅ የዲጂታል አሻራ ይዟል። ኤንፒኤም ፓኬጁ ከፍላሽም ይምጣ ከቨርዳቾ አሻራውን ያመሳክራል፤ ካልገጠመ አይጭነውም። ይህ ሁሉንም አደጋ አያስቀርም። መጀመሪያውኑ የተበከለ ፓኬጅ ከተመዘገበ አሻራውም አብሮ ይመዘገባል። በመንገድ ላይ የተቀየረውን ግን ይይዛል። ሰነዱ ይህን ልክ እንዲህ ነው የሚለው፤ ከዚህ በላይ ቃል አይገባም።

ዶከር የሚባለው መሣሪያም ተነስቶ ነበር። ሁሉንም ነገር በአንድ ሳጥን አሽጎ ያስቀምጣል፣ የቨርዥን ጣጣ የለውም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን የተማሪዎቹ ላፕቶፖች ሚሞሪያቸው ትንሽ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ለማስነሳት ተጨማሪ ጭነት አለው፣ ምስሎቹም ከባድ ናቸው። እንደ አማራጭ ይቀመጥ ተብሎ ለተወሰነ ጊዜ ቆየ። ማንም ስለማይጠቀምበት ተበላሸ፤ መበላሸቱንም ማንም አላወቀም። በኋላ ከሰነዱ ወጣ። ሁለት መንገድ ከመጻፍ አንዱን ጠብቆ መያዝ ለትንሽ ቡድን ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሰነዱ ሁልጊዜ እንዲሞከር ደግሞ ሁለት ፈታኝ ተመደበለት። አንዱ ማሽን ነው። ጊትሀብ አክሽንስ፣ ትእዛዞችን በጊትሀብ ማሽኖች ላይ በራሱ የሚያሮጠው አገልግሎት፣ ለክፍት ፕሮጀክት በነጻ ይሠራል። በየሳምንቱ በኡቡንቱ ሊኑክስና በዊንዶውስ ላይ ሰነዱ ውስጥ ያሉትን ትእዛዞች ራሳቸውን ከባዶ ይሮጣል። ኮዱ ባይነካም ዓለም ስለሚቀየር ይህ አስፈላጊ ነው። ግን አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሪፖው ላይ ለ60 ቀን እንቅስቃሴ ከሌለ ጊትሀብ በጊዜ ሰሌዳ የሚሮጠውን ሥራ ያቆመዋል። በፈተናና በዕረፍት ወቅት ተማሪዎቹ ዝም ሲሉ ሰሌዳው ቆመ። ገጹ ላይ ያለው አረንጓዴ ምልክት ግን የድሮው ነው። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ፣ እድሩ መዋጮ በሚሰበስብበት ሳምንት፣ አንድ ተረኛ ገብቶ የመጨረሻውን ቀን ያያል። የተረኛው ስም ሰነዱ ላይ አለ።

ሌላው ፈታኝ ሰው ነው። አዲስ የሚገባ አባል ሰነዱን ብቻ ይዞ ይቀመጣል። አንድ ነባር አጠገቡ ይቀመጣል። አይናገርም፣ ኪቦርድ አይነካም፣ የተቸገረበትን ቦታ ብቻ ይጽፋል። ለእኛ ይህ ቀላል አይደለም። ሰው ሲቸገር እያዩ ዝም ማለት አስተዳደጋችን አይፈቅድም። መጀመሪያ ላይ ነባሮቹ በግንባር፣ በዓይን፣ በሳል ሁሉ ፍንጭ ይሰጡ ነበር። ቀስ በቀስ ለመዱት። ከሰንዳፋ የምትመጣ አንዲት ተማሪ ስትፈትሽ ሰነዱ የኮምፒውተሩ ባለቤት እንደሆነች ገምቶ እንደተጻፈ ታየ። እሷ ግን የተዋሰችው ላፕቶፕ ነበር፤ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አልነበራትም። ነባሮቹ ሁሉ የራሳቸው ላፕቶፕ ስላላቸው ይህን ማንም አላሰበውም። ኖድን ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ ከዚፕ ፋይል አውጥቶ መጠቀም የሚቻልበት መንገድ ተጨመረ። የጻፈችውም ራሷ ናት። ደንቡ ይህ ነው፤ የአዲስ አባል የመጀመሪያ ፑል ሪኩዌስት የሰነድ እርማት ነው።

ቋንቋውን በተመለከተ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሁለት ሙሉ ሰነድ ተሞክሮ ነበር። ብዙ ሳይቆዩ ተለያዩ። አሁን ትእዛዞቹ በአንድ ስክሪፕት ውስጥ ናቸው፣ በየትኛውም ቋንቋ አይደገሙም። ማብራሪያው በአማርኛ ነው፣ አጭር መግቢያ በእንግሊዝኛ አለ። አንድ ተማሪ ለአካባቢው እድሮች ብሎ የአፋን ኦሮሞ ማብራሪያ እያዘጋጀ ነው። ስክሪፕቱ አንድ ስለሆነ ያ ሲጨመር የሚጋጭ ነገር አይኖርም።

አሁን አንድ አዲስ ተማሪ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ሳይመሽ የናሙና ደረሰኝ ያትማል። ጋሼም የርክክብ ቅጽ ከእድሩ ፋይል አውጥተው ሰጥተዋቸዋል። ልጆቹ በዚያ መልክ አንድ ገጽ ሠርተው ሪፖው ውስጥ አስገቡት። የሪፖው ባለመብቶች እነማን ናቸው፣ የዶሜይኑ ክፍያ በማን ስም ነው፣ ባክአፑ የት ነው፣ የቢልድ ሰነዱ ተረኛ ማን ነው የሚሉትን ይዘረዝራል። ከመካከላቸው የሚመረቁ ስላሉ ቅጹ በቅርቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ይፈረማል።

አንድ ክፍል ግን እስካሁን አይነሳም። መዋጮ ሰብሳቢዎች በር ለበር ሲዞሩ የሚጠቀሙበት ትንሽ የአንድሮይድ መተግበሪያ አለ። ላይብረሪዎቹን የሚያመጣው ጄሴንተር ከተባለው ማከማቻ ነበር። ባለቤቱ ጄፍሮግ እ.ኤ.አ. በ2021 ማከማቻውን እንደሚዘጋ አሳውቋል። ማከማቻው በኋላ ሥራ ሲያቆም ሌላ ቦታ ያልተቀመጡ ላይብረሪዎች በዚያው ጠፉ። ተማሪዎቹ ስለዚህ ክፍል ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ሰነዱ ላይ ግን በግልጽ ጻፉት፦ ይህ ክፍል ቢልድ አይደረግም፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ የጎደሉት ላይብረሪዎች እነዚህ ናቸው፣ ዳታችሁን አታባክኑ። ያን አንብቦ ከሰበታ አንድ ልጅ ጻፈላቸው። ከጎደሉት አብዛኞቹን ማቨን ሴንትራል በሚባለው ሌላ ማከማቻ ላይ በአዲስ ስም አግኝቷቸዋል። ፑል ሪኩዌስቱ ክፍት ነው። የደረሰኝ ባርኮድ የሚያነበው አንዱ ላይብረሪ ግን የትም አልተገኘም፤ በሌላ መተካቱ ነው የቀረው ሥራ።